አንድ ሰው የቀረው

ዓርብ ከሥራ ወጥቼ፣ ወደ ቤት ልሄድ ሳለሁ፣
ላምበረት፣ ወያላው «አንድ ሰው!» ሲል ሰማሁ፤
አንድ ሰው ነበርኩና፣ ሳላቅማማ ገባሁ።
ሻንጣ የለ፣ ጋቢ የለ፣ ስስ ሸሚዝ ብቻ፣
ጥቅምት ጉልበቴ ላይ ተሳፈረ ከጫጫ።

ደብረ ብርሃን።
ትርንጎ ከጓዳ፣ «ጨው የት አኖረ በለው?»
ንጋቱ ከሳሎን፣ «በላት፣ እፊቷ ነው ያለው»።
ሦስት ቀን ተኳርፈው፣ ተቆልፎ አፋቸው፣
እኔ ከች አልኩና ሆንኩላቸው ስልካቸው።

የብርድ ልብስ ፋብሪካ እያለ በሰፈሩ፣
ከነሱ ቤት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ፤
አንዱ የአልጋው፣ የሷ፤ አንዱ የሶፋው፣ የሱ።
ሶፋው ለኔ ሆነ። ወዴት ይሂድ እሱ?

እኩለ ሌሊት ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣
«እግርህ በረዶ ነው፣ ወዲያ በል!» ስትል፣
ከዚያ ሳቅ።

ቅዳሜ ሙሉውን ማንም «በለው» አላለኝ፤
እሑድ፣ መናኸሪያ፣ ትርንጎ አስታቀፈችኝ
የሶፋውን ብርድ ልብስ። «ያዘው፣ መንገዱ ይበርዳል።»
እነሱስ?
አልጠየቅሁም።