የያኮሚና መጥረጊያ

ያኮሚና ቢሮ፣ ከበሩ በስተኋላ፣
አንድ መጥረጊያ አለ፣ ጭራው የተበላ፤
ቤት ጠርጎ አያውቅም።
አዲስ ተመራማሪ ገብቶ ሲስቅበት፣ እሷ አብራው አትስቅም።

«የሃይድሮጅን እሳት በቀን አይታይም፣
ጭስ የለው፣ ቀለም የለው፣ መጣሁ ብሎ አይጮህም።
ድሮ እዚህ የነበሩ፣ ቧንቧ ሲያፈስባቸው፣
ይህን ወደ ፊት ዘርግተው፣ በዝግታ እርምጃቸው፣
ጭራው ሲቃጠል ነው እሳቱ የታያቸው።
ዛሬ መሣሪያ አለን፣ ከአየር ላይ ቅንጣቷን ይለቅማል፤
ግን መሣሪያም አንዳንዴ እንደ ሰው ይደክማል፤
ስለዚህ መጥረጊያው እዚያው ይቆማል።»

ቤተ ሙከራችን ከባሕር ጠርዝ ነው፣ ከዜላንድ ዳርቻ፣
ሜዳው ከባሕር በታች፣ ውሃውን ያቆመው የአፈር ግድብ ብቻ።
አባቷ ግድብ ጠባቂ ነበር፣ በየሌሊቱ ፋኖስ ይዞ፣
የፍልፈል ጉድጓድ ሲፈልግ፣ በነፋስ ደንዝዞ።
ደብተሩን አሳይታኛለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ
«ደህና» ነው፣ «ደህና» ነው፣ ሌላ የለም ቃሉ።
የሰፈሩ ሰው ግን፣ ባለፈ ባገደመ፣
«ሥራ ፈት ነው» እያለ ሲያማው ከረመ።

እሷም እንዲያው ናት።
የጋዝ ጠርሙስ ሰንሰለት ስትጎትት፣ የመውጫ በር ስትለካ፣
መነጽሩን ያወለቀ ስታይ፣ ሳትቆጣ ትከሻ ስትነካ፤
መተላለፊያ የዘጋ የካርቶን ቁልል
«የማነው?» ሳትል
ራሷ ስትሸከም።
እኛም ከኋላዋ «የካርቶን ንግሥት» እንላለን። ታውቃለች። ግድ የላትም።

ያን ሌሊት፣ ማዕበል ግድቡን ሲመታ፣
ሦስተኛው አዳራሽ ጮኸ። ልምምዱ ገብቶን ነው፣ ወጣን በዝምታ።
ከመሰብሰቢያው ምልክት ስር፣ ዝናብ እየገረፈን፣
በእጅ ባትሪ ብርሃን ስም ጠርታ ቆጠረችን።
መዝገቡ «ስልሳ» ይላል፤ እኛም ስልሳ ነን።
የእሳት አደጋው አዛዥ «እንግዲህ ተሟላ» አለን።
እሷ ግን ዝም አለች።
ወደ ብስክሌቶቹ ማቆሚያ ዞራ አየች።
ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣ አንዲት ቢጫ ቅርጫት፣
የሌንደርት ብስክሌት፤ ሌንደርት ግን የለበት።

«አንድ ሰው ይቀረናል።»
«መዝገቡ እኮ...»
«መዝገቡ የሚቆጥረው ካርድ ነው። ካርድ እናት የለውም።»

አሁን «መጥረጊያዋን ይዛ ዘላ ገባች» ብዬ
ባወራ ያምር ነበር። አልገባችም፣ ጌታዬ።
ደንቡን የጻፈችው እሷው ናት፦ ሳይዘጋጅ የሮጠ አዳኝ
ራሱ ይሻል ሌላ አዳኝ።
ቆመች። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ሬዲዮ ጆሮዋ ላይ፣
ዝናቡ ከአገጯ ሲወርድ፣ ከንፈሯ ሲቆጥር ሳይ፣
መቆም እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።
ከዚያ ሬዲዮው፦ «አገኘነው። ይተነፍሳል።
ሙዚቃ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ምንም አልሰማም ነበር።»

ዳይሬክተሩ በጠዋት ስብሰባ ጠሩ፤
«ጥፋተኛው ማነው? ስሙ ይጻፍ» እያሉ ተናገሩ።
እኔ ነበርኩ። ማታ፣ ሌንደርትን ዝናብ ሲመታው አይቼ፣
በሩን ይዤለት ነበር፣ በራሴ ካርድ ከፍቼ።
ደግነት መስሎኝ።
ያኮሚና አየችኝ። ማየቷን አየሁ። ምንም ሳትለኝ
ወደ ውጪው በር ሄደች፣ ካፖርት ሳትደርብ፣
እየዘነበ ካርዷን ለማንበቢያው ስታቀርብ፣
ቀይ። ቀይ። ደግማ፣ ቀይ። በሰባተኛው አረንጓዴ።
«ሰው ለጓደኛው በር ቢይዝ፣ ይገርማል እንዴ?»

ሪፖርቷ አንድ ገጽ ነበር፤ የማንም ስም የለበት፣
ከአንድ ሰው በቀር፣ እሷው በእጇ የፈረመችበት፦
«ማንበቢያው ሲርስ እንደሚያስቸግር ሁለት ክረምት ተነግሮኛል።
አልተከታተልኩም። ጥፋቱ እኔን ይመለከተኛል።»

አሁን በሩ ላይ ጣሪያ አለ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ሌንደርት ደወል ይሞክራል፣ ጆሮ እንዲነቃ።
እኔ ደግሞ ዝናብ ሲጥል፣ ከኋላዬ እርምጃ ስሰማ፣
በሩን እለቀዋለሁ።
ሰውየው ፊት ላይ ይዘጋል።
በመስታወቱ «ይቅርታ» እላለሁ፣
እሱም አንገቱን ነቅንቆ፣
ከኪሱ ካርዱን ይፈልጋል።