ደቡብ የት?

ሙጋድ፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ባለ አንድ መስኮት ሰርቪስ ቤት፣
ሚስተር ቫርጊስ ተከራይቶ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፣ ያኔ በኔ ልጅነት።
ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ኪራዩን በፖስታ አሽጎ
ለእናቴ ይሰጣት ነበር፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ።

የጦሳ ጉም ሲወርድ፣ ቆርቆሮው ሲያልበው ማታ፣
ከክፍሉ ድምፅ ይወጣል፦ ፉጨት፣ ከዚያ እሳት ላይ ጨው የተበተነ ዓይነት፣ ከዚያ ሰላምታ።
ፊሊፕስ ራዲዮ ነው፤ ሽቦው በመስኮት አምልጦ
ከባሕር ዛፉ ወገብ ታስሯል፤ እኔ ነኝ ወጥቼ ያሰርኩት፣ ጉልበቴ ተልጦ።

ዋጋዬ ወንበር ነበረች፣ ካልጋው ጎን፣ ሦስት እግር ያላት።
ድንጋዩ ሲደክም አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለት፣
ከእናቴ ስጥ ዳር፣ አራቱን በተራ ደርድሬ፤
«ይሄስ መቼ ነው የሚፈጨው?» ትለኛለች፣ እያገላበጠች በርበሬ።

«አሥራ አምስት ሰዓት፣ ግሪንዊች» ይላል ሰውየው፤ ድምፁ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ።
በኛ አሥራ ሁለት፤ መግሪብ ሊል ነው፣ አምፖሉ ሲፈዝ።
የቫርጊስ የእጅ ሰዓት ስምንት ተኩል፤ አልነካውም ከመጣ ወዲህ፤
«አሁን እናቴ ራት አቀረበች» ይላል እያየው። ሦስት ሰዓት፣ ባንድ ክፍል፣ እዚህ።

እንግሊዝኛው የሱም አልነበረም። ይህን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።
በሕልሙ የሚያወራው ማላያላም ነው፤ በግድግዳ ማዶ የሰማሁት፣
ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ፣ ውሃ በጠጠር ሲሄድ የመሰለ።
ያ ቋንቋ ደሴ አይደርስም፤ ባሕሩ ላይ ዛለ።
እናም እኔ አማርኛዬን፣ እሱ ማላያላሙን ደጅ አውልቀን እንደ ጫማ፣
በተከራየነው ቋንቋ ገብተን ተቀመጥን፣ የሩቅ ወሬ ልንሰማ።

ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው።
ሰውየው ስለ ዶላር አወራ፣ ስለ ሁለት ሚኒስትሮች፤ ከዚያ፣ ድምፁን ሳይገታው፣
«በደቡብ ህንድ ጎርፍ፤ ከመቶ ሰው በላይ ሳይሞት አልቀረም» አለ።
አንድ ዓረፍተ ነገር።
ከዚያ የክሪኬት ውጤት ቀጠለ።

ቫርጊስ አልተነሳም። መዘውሩን ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ፣ ፀጉር ታህል ወደ ግራ፤
የወንዙን ስም የሚጠራ አንድ ሰው ፈለገ፤ ማንም አልጠራ።

እናቴ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ ከበሩ ቆመች።
«ምን አለ?» አለች።
«ጎርፍ ነው።» «የት?» «በደቡብ።»
«ደቡብ የት?»
ለቫርጊስ ተረጎምኩት። ቫርጊስ ወደ ራዲዮው ዞረ። ራዲዮው
ስለ አየር ጠባይ ያወራል፤ የሌላ ሰው ደመና፣ የሌላ ሰው ክረምት።

«ወንዙ ማን ይባላል?»
«ፓምባ።»
«ፓንባ» አለች። «ቦርከናም ሲሞላ ዘመድ አያውቅ።»
ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ዝናቡ ከመዳፏ ሳይደርቅ፣
ለማታውቀው ወንዝ፣ ስሙን አጣማ፤
«አሚን» ስትል «አሜን» አለ፤ ይህችን ያለ አስተርጓሚ ሰማ።

ሌሊቱን በየሰዓቱ ከፈትነው። ሰውየው ድምፁ እየሳሳ፣ እየራቀ፣
ሊነጋጋ ሲል፣ «ይህ ለንደን—» ብሎ ደረቀ።

ደብዳቤው የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ሦስት ማኅተም አርፎበት።
ሰው ሁሉ ደህና። ጉድጓዱ ደለል ሞልቷል። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት
መስመር ቀርቷል፣ በሰው ደረት ልክ፤ እናቱ አላስቀባችውም።
አንዲት ላም የለችም። ራዲዮው ስለ ላሟ ምንም አላለም።

ክፍሉ ዛሬ የወንድሜ የጎማ ማከማቻ ነው። ባሕር ዛፉ ሽቦውን በቅርፊቱ ውጦታል።
አምና ሊከረክም የወጣው ልጅ፣ የመጋዙ ጥርስ ቢሰበር፣
«እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ከላይ ጮኾብናል።

«ለንደን» አለችው እናቴ።