ጭራውን አሳየኝ

ሰይፍ ልገዛ ነው ስል ሳቀብኝ ሰፈሩ፣
«በማን ልትዘምት ነው?» አሉኝ እየዞሩ።
በማንም። ብሎኬት ቆጣሪ ነኝ፣ ገላን ዳር ነው ቤቴ፣
ያለኝ ጠላት አቧራ፣ እሱም በደረቴ።
ግን እሑድ ማለዳ፣ ከድንጋይ ካባው ሥር፣
ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ በተራ ስደረድር፣
ላዩ ተቆርጦ ሲሄድ፣ ታቹ ሳይነቃነቅ
ቆሞ እንዲቀር ነው ሕልሜ፤ ይኸው ነው፣ ቢታወቅ።

ዘበኛው ጋሽ ደምመላሽ «ጎራዴ ምን አለው?» ይላል።
ጎራዴ ጎባጣ ነው፤ ለጎባጣ ሌላ እጅ ይሻላል።
እኔን የያዘኝ የቫይኪንግ ነው፣ የዚያ የበረዶ አገር፣
ቀጥ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ እንደ አባት ንግግር፤
ከወገቡ መሐል ቦይ የወረደበት፣
ጣት የሚጠብቅ አጭር ብረት የተጋደመበት፣
ጉልላቱ ከኋላ እንደ ዳቦ ያበጠ፣
በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሌላውን እጅ ለጋሻ የሰጠ።
ከየት እንዳየሁት ተዉት። ሰው በምን ይያዛል?
አንዱን እርግብ፣ አንዱን ኳስ፤ እኔን ብረት ይዞኛል።

መጀመሪያ መርካቶ። የስጦታ ዕቃ ቤት፣
ግድግዳ ላይ ሰቅለውት፣ መብራት አብርተውበት፤
ጉልላቱ ዘንዶ፣ የዘንዶው ዓይን ቀይ ድንጋይ፣
ፊቴን አየሁበት፤ መስታወት ነው ሲታይ።
ሻጩ ልጅ «ኦሪጅናል ነው!» ብሎ ማለ በእናቱ፣
ሦስት ሺህ አምስት መቶ፤ ሦስት ሺህ ገባ በስንት ልፋቱ።

እሑድ ሆነ። ቆምኩኝ፣ እግሬን ከፈት አድርጌ፣
ጉልበት ከክንዴ ሳይሆን ከወገቤ ፈልጌ፣
መታሁ።
ሃይላንዱ ቆመ። እጀታው እጄ ላይ ቀረ።
ሰይፉ ግን እንደ ቆቅ ብድግ ብሎ በረረ፣
ሄዶ ወይዘሮ አስካል ድንች ማሳ ላይ ተተከለ።
ዝም አልኩ።
ልጄ ምንትዋብ፣ ጠርሙስ ደርዳሪዋ፣ ቀስ ብላ
«አባዬ፣ እዚያ ሰው ቢኖርስ?» አለች።

እጀታውን ፈታሁት። ውስጡ ምን ነበር? ምስማር።
ጣት የማታህል፣ በብየዳ የተለጠፈች፣
ያን ሁሉ ዘንዶ ተሸክማ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር።

ከውጭ ላስመጣ አልኩ። ዋጋውን አሰላሁት፤
ከነቀረጡ የሁለት ዓመት ብሎኬት ሆነ፤ ተውኩት።

ጉርሜሳ ከቃሊቲ መውጫ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ገጀራ ይሠራል፣ የሥጋ ቢላ፣ የበር ማጠፊያ።
የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ፣ ሰይፉን በልኩ ስዬ
ዘረጋሁለት መሬት ላይ፣ አራት ጠጠር አስደግፌ።
«ከምን ትሠራዋለህ?» ስል፣ «ከኤንትሬ ባሌስትራ፤
ሠላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ ታጥፏል በጨው ሥራ፤
ላንተ ሃይላንድ ይሰበራል?» ብሎ ሳቀብኝ በሆዱ።
እኔ ግን ተምሬያለሁ፤ ዓይኔ የለም ከስለቱ።
«ጭራውን አሳየኝ» አልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አሳየኝ፣ እጀታ ሳይለብስ፣ ጥቁር፣
ከምላጩ እስከ ጉልላት አንድ ብረት፣ ሁለት ጣት ስፋቱ ሲቆጠር።
ሞርሳ ላይ ወጥረን ሳብነው፤ ጎበጠ፣ ስንለቀው ቀና።
በመዶሻ ነካ አደረግሁት፤ ድምፁ ቆየ ገና።
ክንዴን ዘርግቼ ይዤው፣ ሃያ ሳልቆጥር ዛልኩ፣
«ጫፉ ከበደኝ» ብለው፣ ሞርዶ ሲበላው ዋልኩ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ በሁለት ደመወዝ ተከፍሎ።
አያብረቀርቅም። የመዶሻው ጠባሳ ይታያል፣ እንደ ፈንጣጣ ፊት ላይ ውሎ።

የመጀመሪያው ሃይላንድ ሳይቆረጥ ሄደ ካባው ውስጥ ወደቀ፤
ሰይፉ አይደለም፣ እጄ ነው፤ ስለቱ ዞሮ በጎኑ ስለደቆሰ።
በአራተኛው እሑድ ግን እንደ ምንም ነገር አለፈ።
የቆረጥኩም አልመሰለኝ።
ላዩ ተንሸራቶ ወረደ፣ ታቹ ቆሞ ቀረ፣
ውሃው ከከንፈሩ ላይ ትንሽ ተርገፈገፈ።
ምንትዋብ ጣቷን አስጠግታ ሳትነካው መለሰች።

ቆራሌው ሸምሱ መጣ። የተቆረጠውን ክምር አይቶ
«ይሄማ አይሸጥም» አለ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ አዝኖ፤
ዘንዶውን ግን መዘነው፣ በኪሎ፣ እንደማንኛውም ብረት፤
ቀይ ዓይኑ ከጆንያው አፍ አየኝ፣ እስኪሄድበት።

ሰይፉስ ረክሷል። ሃይላንዱ ነው ያስወደደው።
አሁን «ቆራሌው!» ሲል ሸምሱ ከበራችን ላይ፣
የምሮጠው ልሸጥ አይደለም፤
ልገዛው ነው።