የሌሲባ ጣት

ሌሲባ ማለት ላባ፣ በኛ ሲተረጎም፤
እሱ ግን የብረት በር፣ ጎል አፉ ላይ ሲቆም።
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማሜሎዲ ሜዳ፣
ሣር የማያውቅ አፈር፣ ቀይ፣ ደረቅ፣ ባዳ፤
የአርብ ማታ ጠርሙስ፣ የማዕዘን ባንዲራ፣
የከሰል ጭስ ዝቅ ብሎ በቆርቆሮው ተራ።

ማታ ደግሞ ያው ሰው፣ በእማማ ኖኮ ጓሮ፣
ቤዝ ጊታር አንግቶ ሲያንቀጠቅጥ ቆርቆሮ።
ማጉያውን በእጅ ጋሪ የምገፋው እኔ ነኝ፤
ደሞዜ የዶሮ እግር፣ እሱም ሲገኝ ሲገኝ።

ማቶሜ፣ የባንዱ አለቃ፣ ሳክስፎኑን እየወለወለ፣
«ወይ ኳሱን፣ ወይ ክሩን፤ ሁለት ሚስት አይሆንም» አለ።
ሌሲባ ሳቀ። ጓንቱን አጠለቀ፤
ጓንት? የእናቱ የድስት ማውረጃ ጨርቅ ነው፣
በሁለት በኩል የተሰፋ፣ ያለቀ።

አትሪጅቪሎች ደረሱ፣ የከሰል መኪና አጭቋቸው፣
ባልዲ እየደበደቡ፤
ማልያቸው ጥላሸት፣ ንጹሕ ዘፈናቸው።

አንድ ለአንድ ነበርን። ሊያልቅ ሲል፣ ሪጎሬ።
ዝም አለ ባልዲው፤ ዝም አለ መንደሬ።
መቺው ሦስት ርምጃ… ሌሲባ ተወረወረ፣
ስሙ ያን ጊዜ ደረሰለት፤ ላባ ሆኖ በረረ።

ኳሷ ወጣች።
ከኳሷ ጋር አንዲት ነገር ቋ አለች፦
የግራ እጁ የቀለበት ጣት።

ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፋ፦ «ከመስመር ቀድሞ ወጥቷል፣ ይደገም!»
ደገሙት። ገባ። ተሸነፍን።
ይኸው ነው፤ ልጨምርበት አልልም።

ማታ ጓሮው ሞላ። ማቶሜ አላናገረው።
ሌሲባ ጣቱን ከሻይ ማንኪያ ጋር በጫማ ክር አሰረው፤
ቤዙን አንሥቶ ጀመረው።
ዜማው ያቺ ጣት ከምታርፍበት ደረሰ።
አላረፈችም።
አንድ ምት ባዶ። እንደ ጉድጓድ።
ከበሮ መቺው ደነገጠ፤ እኔ ማጉያው ጥግ ተቀምጬ
«አበቃልን» አልኩ በሆዴ።

ራይሲቤ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ወገቧን ይዛ ስትወዛወዝ የነበረች፣
አንድ እግሯን አነሣች፣
ባዶዋ እስክታልፍ አየር ላይ አቆየችው፣
ከዚያ ረገጠች።
ጓሮው በሙሉ ተከተላት።

ዛሬ በየታክሲው፣ በየሠርጉ፣ ያቺን ዝላይ ይዘሏታል፤
ወጣቶቹ ስም አውጥተው «የኛ ፈጠራ» ይሏታል።
ትናንት የልጅ ልጄ ሊያስተምረኝ ሞከረ፦
«አያቴ፣ እዚህ ጋ እግርህን አንሣና ጠብቅ።»
ጠበቅኩ።
በዚያች ዝምታ ውስጥ ፊሽካ ሰማሁ።

ኧረ ከመስመሩ አልወጣም ነበር!
አይቻለሁ፤
እኔ ከጎሉ ኋላ ነበርኩ።