የስድስት ወር ትርፍ

ፓስፖርቴ አልሞተም፤ ገና አራት ወር አለው፣
የመርከቡ ድርጅት ግን በቁሙ ገነዘው።
"ከተመለሱ በኋላ ስድስት ወር ካልተረፈ
አይሳፈሩም" ይላል ደንቡ፣ ከትኬቴ ጀርባ በደቃቅ የተጻፈ።

"ወርጄ ቤቴ ከገባሁ ወዲያ ምን ያደርግላቸዋል?"
አልኳት ሮናን። "ወድቀሽ ብትቀሪስ? እሱንም አስበዋል።"
ሮና እንዲህ ናት፤ ለሠርግም ለቀብርም አንድ ካፖርት ነው ያላት፣
ለጠየቋት ሁሉ መልስ የማይጠፋት።

ዝናብ ነው ግሪኖክ። ዝናብ ነበር ትናንት።
ከክላይድ ማዶ ያሉት ኮረብቶችም ከጠፉ እነሆ ሳምንት።
ቁልፍ ከሚቀርጸው፣ ጫማ ከሚሰፋው፣ ፎቶ ከሚያነሳው
(ሦስቱንም በአንድ ጠባብ ሱቅ የሚሠራው ያው አንድ ሰው)
ከሚስተር ቁሬሺ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።
"አይሳቁ" አለኝ። "ማን ሳቀ?" አልኩ።
"መነጽርዎን ያውልቁ፣ ጸጉርዎን ከጆሮዎ ይመልሱ፣
አገጭ ዝቅ፣ ዓይን ወደፊት፤ ለአፍታ አይተንፍሱ።"
ጠቅ። የወጣችው ሴት እናቴን ትመስላለች፣
ያውም ባለ ሉካንዳውን ሚዛን ሲሰርቅ እንደያዘች።
"አሥር ዓመት ከዚህች ጋር ልኖር ነው?" ስለው፣
"ጥላ አለባት፣ ከጆሮዋ ኋላ" ብሎ ደግሞ አነሳኝ። ያው።

አሮጌው መላክ አለበት፤ ይኸው ፖስታ።
ላሽገው ስል የኋላውን ገጽ ከፈትኩት ለአፍታ።
"አደጋ ቢደርስ ለማን ይነገር" ከሚለው ሠንጠረዥ ላይ
የዱጋል እርሳስ አለ፤ ብየዳ ይመስላል ሲታይ።
የራሱን ስም ጽፏል። ከሥሩ የቤታችንን ስልክ ቁጥር።
"ሁለታችንም ሄደን ማን ሊያነሳው ነው?" ብዬ ስቄበት ነበር።
"ይጩኻ" አለኝ እሱ፤ "ቤት እንዳለን ይወቁ።"

አርባ ዓመት መርከብ በይዶ አንዲቱንም አልተሳፈረ፤
ወደ ዱኑን የምታሻግረው ጀልባ እንኳ ታስመልሰው ነበረ።
ባሕር ሳይሆን ብረት ነው የሚወደው፤
የበየደው ቀፎ ውኃ ሲነካ ቆቡን አውልቆ ነበር የሚሸኘው።
ማልታ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ የሄድነው በአውሮፕላን ነው፣
ከዚያ ወዲህ ፓስፖርቶቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ከክሩና ከመርፌው።
የሱ መቼም አይታደስም። አምና ነው የቀበርነው።

ገጹን ፎቶ ላነሳው አሰብኩ። ተውኩት። አሸግኩት።
የፖስታ ቤቷ ልጅ ሚዛን ላይ ጣል አደረገችው፤ ክብደቱን አየሁት።
ሦስት ሳምንት ሙሉ አገር አልነበረኝም ማለት ይቻላል፤
ፖስተኛው በደጄ ባለፈ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

መጡ። አዲሱ ለብቻ፣ አሮጌው ለብቻ።
አዲሱ ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ አዲስ ጫማ አልታጠፍም የሚል፤
አሮጌው እንደ በግ ጆሮ ጥጉ ተቆርጦ፣
ከስልኩም ጭራ ሁለት አኃዝ መቀስ ይዟቸው አምልጦ።
ቢቆረጥስ? በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በሞባይሌ ደወልኩለት።
ኮሪደሩ ላይ ጮኸ፣ ጮኸ፤ ዝም ብዬ ሰማሁት።

የአዲሱ ሠንጠረዥ ባዶ ነው። እርሳስ ቀረጽኩ።
ማንን ልጻፍ ብዬ አወጣሁ፣ አወረድኩ።
ሮና አብራኝ ናት፤ መርከቡ ቢሰጥም አብራኝ ትሰጥማለች፣
እህቴ ኒውዚላንድ ናት፤ በደወልኩላት ቁጥር ተኝታለች።

ቁሬሺ ሱቅ ገባሁ። ማሽኗ ቁልፍ ስትቆርጥ ታደነቁራለች።
"ስምዎን ልጽፍ ነበር" ብዬ ጮኽኩ። "በእርሳስ ነው፤ ይጠፋል።"
ማሽኗን አጠፋት።
አሥራ አንድ ዓመት ተረከዜን ያስጠገንኩት ሰው፣
የመጀመሪያ ስሙን ገና ዛሬ መጠየቄ ነው።
"ኢፍቲኻር" አለ። ፊደል በፊደል አስጻፈኝ፤
ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ ላጲስ አበደረኝ።
"መመለሻዎ መቼ ነው?" "ሜይ ሃያ አራት።"
ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ገለጠ፤ ወራቱን በጣቱ ቆጠራቸው በዝግታ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ።
"ደንብ ደንብ ነው፤ ስድስት ወር ይጨመርበት።
እስከ ኖቬምበር ስልኬን አልዘጋም" አለኝ፤ ማሽኗንም አስነሳት።