የጣሪያ ጥገና

ቁልፉን የሰጡኝ ቀን መዝገብም ሰጡኝ፣
«ጸሐፊ ነህ» ብለው ወንበር አስያዙኝ።
ጉሙ ከጣርማበር እየተንከባለለ
በመስኮቱ ገብቶ ከጎኔ ዋለ።

ገጽ አንድ እንዲህ ይላል፦ አዳራሽ ሳይኖር፣
በተዋሱት ድንኳን፣ ከወይራው ሥር፣
አሥራ ዘጠኝ አባል፣ በሰው አምሳ ሳንቲም፤
የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደም አይቀርም።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ድንጋይ ይቆጠራል፣
ማን ስንት ሸክም እንዳመጣ ተጽፏል።
ግንበኛው ወልደጻዲቅ ዋጋ አልጠየቀም፤
«እኔም እሞታለሁ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

ቆርቆሮው በኤንትሬ ከአዲስ አበባ መጣ፣
ሁለቱ ተቀዶ፣ አንዱ ጎድሎ ወጣ።
ስለዚያች አንዲቷ ሁለት ዓመት ክርክር፤
ዳኛ ተሽሮባታል በነገር በነገር።

ብረት ድስት ሰባት፣ አግዳሚ ሠላሳ፣
ፋኖስ አምስት (የአንዱ ብርጭቆ የሳሳ)፣
ጡሩንባም አንድ አለ፣ አፉ የተጣመመ፣
ሲነፉት ይጮኻል ሰው እንደታመመ።

ሰባ ዓመተ ምሕረት ላይ ጽሑፉ አጠረ፤
የሟች ስም መጻፊያው መስመር ባዶ ቀረ።
«የጣሪያ ጥገና» ይላል የመጀመሪያው ቀን፣
«አባላት በሙሉ ተሰብስበን አደርን።»
በማግስቱም እንዲሁ፣ «ጣሪያው ስላፈሰሰ»፤
በሦስተኛው ደግሞ፣ «ሥራው አልደረሰ።»

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ዝናብ ከየት መጣ?
ሚስማር አልተገዛም፣ ብርም አልወጣ።

እትዬ ወለተየስ ዐይናቸው ደክሟል፤
ሳነብላቸው ግን ጣታቸው ገጹን ይዳብሳል።
«የማንያህልሃል ልጅ ነው፣ ያ ተማሪው፣
አስፋልት ዳር ጥለውት ያደሩት።
ድንኳን መትከል ክልክል፣ ማልቀስ ክልክል፣
ጡሩንባችንም ቀበሌ ታስሮ።
ሊቀመንበሩ በሩን በርግዶ ‹ምንድን ነው ይሄ?› ሲል
እንግዳወርቅ፣ ያኔ ጸሐፊያችን፣ ‹ጣሪያ› አለ።
‹ጣሪያው ያፈሳል።›
ሁላችን አንጋጠን ቆርቆሮ መቁጠር ጀመርን።
ያንጋጠጠ ሰው፣ ልጄ፣
እንባው ወደ ጆሮው ነው የሚወርደው፣
ማን ያይበታል?
እናትየው መሐላችን ናት።
እሷም ቆጠረች።»

ዘንድሮ መንገዱ ይሰፋል ተብሎ
ግድግዳችን ቆሟል ቀይ ምልክት አዝሎ።
አንዱ ካሣ ያሰላል፣ አንዱ ስልኩን ይነካል፣
የወር መዋጮውም በስልክ ሆኗል።
ጫጫታው ሲበዛ ቀና ብዬ አየሁ፦
በጎደለችው ቆርቆሮ ምትክ
የጠፈጠፉት የዘይት ጣሳ፣
ዝጎ፣ ጠቁሮ፣ እዚያው አለ።

ሰብሳቢው ጠረጴዛ መታ፤ «አጀንዳ ጻፍ» አለኝ።
ጻፍኩ፦
«አንደኛ፣ የጣሪያ ጥገና።»