ወረፋ

ጀሪካኖቹ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም የዘይት፤
ዘይቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያለቀ፣ ጀሪካኑ የቀረ ለቤት።
አንገታቸው ላይ ስም አለ፣
በጥፍር ቀለም የተጻፈ፣ ግማሹን ፀሐይ የላሰው፣ ግማሹ እንዳለ።
ሐሙስ ሌሊት ነው ውሃ ብቅ የሚል በኛ ሰፈር፤
ሰው ተኝቶ ጀሪካን ነው ተሰልፎ የሚያድር፤
ስም የሌለው እንደሆን ገፍቶት ያልፋል መንደር።

ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው።
ከአቃቂ በታች፣ አባ ሳሙኤል፣ እምቦጩ ሳሳ ካለበት፣
እነዚያኑ ጀሪካኖች ተሸክመን ወረድንበት።

ቱፋ ጡረተኛ ነው፣ የቶርኖ ሠራተኛ፤
መንጠቆ ገዝቶ አያውቅም። «የሱቅ መንጠቆ ሐሰተኛ፣
ትልቅ ዓሣ ሲያይ ያፍራል፤ ያፍርና ይዘረጋል።»
የብስክሌት ሽቦ ቆርጦ በፒንሳ ይቆለምማል፣
ጫፉን በሊማ ይስላል፣
ከንፈሩ ላይ ይሞክራል፤
ደም ጠብ ካለ፣ «ደርሷል» ይላል።

ማባበያው የኔ ነው፦ ሦስት ቀን የሰነበተ ሊጥ፣ ነጭ ሽንኩርት የተደቆሰበት፣
ከምግብ ቤት ጓሮ የለመንኩት የዶሮ አንጀት፤
በፌስታል ቋጥሬ አልጋ ሥር የደበቅኩት፣
ሚስቴ «ምን ሞተ እዚህ ቤት?» ስትል «አይጥ ይሆናል» ያልኩት።

ቱፋ የሲኖትራክ ካላማዳሪያ ላይ በሆዱ ተደፍቶ፣
ነጠላ ጫማውን እንደ መቅዘፊያ በእጁ አስገብቶ፣
አንድ ባንድ ዘራቸው፤
ሲባጎ ካንገታቸው፣ ዳዶ ከሲባጎው፣ መንጠቆ ከሥራቸው።
እኔ ዋና ስለማልችል፣ ከዳር ሆኜ ቆጠርኳቸው።

ውሃው እንደ ሰፈር ወሬ ነው፤ የሁሉ ቤት ጉድ ያለበት፣
አረፋ፣ የፋብሪካ ቀለም፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ የሚንሳፈፍበት።
ከተማው ያጠበውን ሁሉ ቁልቁል ይልክልናል፤
እኛም አምባዛውን ጠብሰን እንልክለታለን፤ ጣቱን ይልሳል።
«አትብሉት ይላሉኮ» አልኩት አንድ ቀን ለቱፋ።
«በልቶ ያደረ ነው እንዲህ የሚል» ብሎ ወደ ውሃው ተፋ።

መጠበቅስ ማን ያስተምረናል?
ለታክሲ፣ ለስኳር፣ ለመታወቂያ ቆመን ያረጀን ነን፤
እዚህ እንኳ ተቀምጠን ነው፣ ሽምብራ እየቆረጠምን።

ሰባተኛው ጀሪካን የእትዬ ዘርትሁን ነው።
ሰኞ ራሷ አሰልፋው ገባች፤ ረቡዕ ቀበርናት፤
ሐሙስ ሌሊት እንደቆመ ነበር፣ ቦታዋን ይዞላት።
ማንም አልቀደመውም። ወረፋው በተጠጋ ቁጥር
አንዱ በጫማው ጫፍ ቀስ አድርጎ ይገፋው ነበር፤
እሷ በዕድሜዋ ተራዋን አልሰጠች፣ የሰው ተራም አልወሰደች፣
የቀበሌውን ዘበኛ እንኳ አንዴ «ወደ ኋላ!» ብላ መለሰች።
ቧንቧው ጋ ሲደርስ ሞላነው። ሞልተን ተያየን።
ለቅሶ ቤቷ ወሰድነው፤ እንግዳው እጁን ታጠበበት፤ እኛም ጠጣን።

መሸ። የቃሊቲ መብራት ውሃው ላይ ተሰባበረ።
ስድስቱ ዝም እንዳሉ
የሷ ነቅነቅ አለ፤
ዝቅ አለ፤ ብቅ አለ፤ ደግሞ ጠለቀ፤
ተነሥቶ እምቦጩን ለሁለት እየሰነጠቀ
ስድስቱን በጎን አልፎ ወደ ግድቡ ጋለበ።
«ቀደመች!» ጮኸ ቱፋ፣
«እትዬ ዘርትሁን ተራ ቀደመች!» ካላማዳሪያው ሊገለበጥ ምንም አልቀረው፣
አንዱ ነጠላ ጫማም ከእጁ ወልቆ ውሃው ወሰደው።

ሲደርስባት ሲባጎው ላልቷል።
ዓሣ የለም። ሊጥ የለም። መንጠቆው ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣
በፒንሳ እንዳልታጠፈ፣ ከንፈር እንዳልወጋ፣ ተራ ሽቦ ሆኗል።
ቱፋ በባትሪው እያገላበጠ አየው።
«አፈረ» አለ።
ሌላ አልጨመረ።

መልሶ ቆለመመው። አንጀቱን አስነከስኩት።
ጀሪካኑን ግን ቦታው አልመለስነውም፤
ቀድሟላ።
ከሰልፉ ጭራ አቆምነው።
እሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትፈርደው።